ከፎርማት በፊት

ረቡዕ የካቲት 19 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ እንጅባራ ውስጥ የእህቴ ኮምፒውተር አልነሣም አለ። መብራት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ነጭ መስመር አሳየ፣ ጠፋ፣ እንደገና ጮኸ። እህቴ ይህን እየደጋገመ ሲሠራ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቁጭ ብላ አየችው። ከዚያ ደወለችልኝ።

እህቴ ታላቄ ናት። በታይፕ መኪና ዘመን ጽሕፈት ተምራ፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ወደ ኮምፒውተር ዞራ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ሱቅ ይዛ የምትኖር ሴት ናት። ከገጠር የሚመጡት ባለጉዳዮች አብዛኞቹ አማርኛ ቢሰሙም ጉዳያቸውን የሚያስረዱት በአዊኛ ነው። እሷ በአዊኛ ትሰማለች፣ በአማርኛ ትጽፋለች። ጠበቃ አይደለችም፤ ማመልከቻ ግን ታውቃለች።

እኔ ዳንግላ ነበርኩ። ከመስክ የተመለስኩት በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም ነበር።

«ጠጋኙ መጥቶ አየው» አለችኝ በስልክ። «ፎርማት ይደረግ ይላል። ነገ ጠዋት አስነሥቼ አስረክብሻለሁ ይላል።»

«ውስጡ ያለው ወረቀትስ?»

«እሱን ብጠይቀው ‹እሱማ ይጠፋል› አለኝ። ቀለል አድርጎ ነው ያለው።»

«እንዳይነካው።»

«እኔም ሆዴ አልቆርጥ ብሎ ነው የደወልኩልህ። አንተ እንዴት ነህ?»

«ደክሞኛል።»

«ሁልጊዜ ደክሞኛል ትላለህ። ነገ ና።»

በእኛ አካባቢ ፎርማት የሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው። ቫይረስ ሲገባ ፎርማት፣ ሲንቀራፈፍ ፎርማት፣ ፕሪንተር አላነብም ሲል ፎርማት። ጠጋኙን አልወቅሰውም። ኮምፒውተሩን አስነሣ ተባለ እንጂ በውስጡ ያለውን አድን አልተባለም።

በውስጡ የነበረው የአንዲት ባለጉዳይ ይግባኝ ነው። ሴትዮዋ ከጥርባ በኩል የምትመጣ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። ባሏ ሳይሞት ጀምሮ የያዘችው አንድ ቁራሽ መሬት አላት፤ ዲከረንስ ተክላበታለች። ዲከረንስ እኛ ዘንድ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ ነው፤ አራት አምስት ዓመት ይጠበቃል፣ ተቆርጦ ይከሰላል፣ ቦታው እንደገና ይተከላል። የእሷ ለመቆረጥ ደርሷል። የባሏ ወንድም መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ተፈረደለት። ይግባኝ የሚባልበት ስልሳ ቀን ዓርብ ያበቃል። ዓርብ ካለፈ መሬቱም ዛፉም ለእሱ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ሁለቱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሴትዮዋ ተናገረች፣ እህቴ ጻፈች። አራት ገጽ ወጣው። ሴትዮዋ የፍርዱን ግልባጭ ለማንም አልተውም ብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ዓርብ ጠዋት መጥታ ልትፈርም ተቀጣጠሩ። ስልክ የላትም። በመንደሯ ስልክ ያለው ሰው ቢገኝም ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ሲወጡ ነው። እህቴ ወረቀቱን ከጭንቅላቷ እንደገና እንዳትጽፈው የመዝገብ ቁጥሩም የፍርዱ ቃልም ሴትዮዋ እጅ ነው። ዓርብ ጠዋት ስትመጣ እንደ አዲስ ቢጀመር አይደርስም።

ሐሙስ ጠዋት ከዳንግላ ሚኒባስ ያዝኩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ረዳቱ ሰው እስኪሞላ አቆመን። ከአጠገቤ ድንች የጫነ ጋሪ ቆሞ ነበር፤ ፈረሱ ቆሞ ያንቀላፋል። እኔም ተቀምጬ አንቀላፋሁ። በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ይደክመው ነበር፤ መንገድ ሲከፈት ይሮጣል፣ ሲዘጋ ይጠብቃል፣ ሁለቱም ጉልበት ይፈልጋል። እንጅባራ ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል፤ ጉሙ ገና አልተነሣም።

ኮምፒውተሩን አየሁት። እህቴ እንዳለችው ነው፤ ይጮኻል፣ ነጭ መስመር ያሳያል፣ ይጠፋል። ዲስኩ ሲዞር ይሰማል፤ የሚያንኳኳ ድምፅ የለውም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። የተበላሸው ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው ሥርዓት ይመስላል፤ ወረቀቶቹ በቦታቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። ሳይኖሩ አይቀሩም ማለት አሉ ማለት አይደለም፤ ይህንንም ለእህቴ ነግሬያታለሁ።

ያሰብኩት ይህን ነው። ሊኑክስ የሚባል ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፤ በብዙ ዓይነት ይሠራል። ከዓይነቶቹ ውስጥ ለአሮጌ ኮምፒውተር ተብለው የሚሠሩ ቀላል ቀላሎች አሉ። ፍላሽ ላይ ይጻፋሉ፤ ኮምፒውተሩ የራሱን ዲስክ ሳይነካ ከፍላሹ ይነሣል። ከተነሣ በኋላ ዲስኩን ከፍቶ ወረቀቱን መቅዳት ይቻላል። ይህን የተማርኩት ማንም ጠጋኝ በሌለበት ወረዳ ለረጅም ጊዜ ተመድቤ ስሠራ ነው። የሚያስፈልገው ደኅና ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔትና አንድ ባዶ ፍላሽ ነው። የእኔ ላፕቶፕ የመሥሪያ ቤት ስለሆነ ፍላሽ አይቀበልም፤ ተቆልፏል። የሞባይል ዳታ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ይጠፋል።

ከእህቴ ሱቅ ቀጥሎ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ አለ። ጎልማሳ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ለቀልድ የማይሰንፍ ነው። ከደብተርና ከእስክሪብቶ ሌላ የተማሪ ምዝገባ በኢንተርኔት ስለሚሠራ በስልክ ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት አስገብቷል። ኮምፒውተሩን አስጠቅመኝ አልኩት።

«ጋሼ፣ ጋዜጠኛን ደግሞ ኮምፒውተር መጠገን ማን አስተማረው?»

«ጠጋኝ የሌለበት ቦታ እየላኩኝ ነው።»

«እንግዲህ ይቀመጡ። ወንበሩ አንድ እግሩ ያነክሳል፤ እሱንም በዚያው ይጠግኑልኝ።»

ተቀመጥኩ። ብራውዘሩ ግን ገጹን አልከፍትም አለ። ቀይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። የስክሪኑን ጥግ አየሁ። ሃያ፣ ስድስት፣ ከዚያ ዓመተ ምሕረቱ የእኛው። የካቲት ሃያ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ስድስተኛው የፈረንጅ ወር ውስጥ ያለ መስሎታል፤ ያውም ከስምንት ዓመት በፊት።

«ይሄ ቀን በማን አቆጣጠር ነው?» አልኩት።

«በሀገራችን ነዋ። በማን ሊሆን ኖሯል?»

«ኢንተርኔቱ እንዴት ይሠራልሃል?»

«ምዝገባ ሲኖር ወደ ፈረንጅ እቀይረዋለሁ፤ ስጨርስ እመልሰዋለሁ። እህትዎ ናቸው ያስተማሩን። ከፍርድ ቤቱ በር እስከ መናኸሪያው ያለ የጽሕፈት ሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው።»

እህቴን ጠየቅኋት። እውነት ነው። ማመልከቻዎቿ ሁሉ ራስጌ ላይ በራሱ የሚመጣ ቀን አላቸው፤ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ወስዶ ይጽፈዋል። ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ ቀን ካስቀመጠችው ማመልከቻው በኢትዮጵያ ቀን ይወጣል። ለዓመታት እንዲህ ሠርታለች። ዋናው ችግር የሚኖረው ጥቅምት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ወር ለኮምፒውተሩ ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ፣ ሃያ ስምንት ሲያልቅ ኅዳር ገባ ይላል። ያኔ ትመልሰዋለች። ጳጉሜን ኮምፒውተሩ ጨርሶ አያውቃትም፤ በእነዚያ ቀናት በእጇ ትጽፋለች። ይህን ስትነግረኝ የምታወራው ስለ አንድ አስቸጋሪ ላም ይመስላል፤ አመሉን ታውቃለች፣ ትይዘዋለች።

የነጋዴውን ኮምፒውተር ቀን ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። ገጹ ተከፈተ። ማውረድ ጀመረ። ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ሄደ።

መብራቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ማውረዱ ካቆመበት ቀጠለ፤ ለዚህ አመሰገንኩ። በዚያ መሃል ምሳ ልበላ ወጣሁ። የጾም ቀን ስለሆነ ሽሮ ነበር። ስመለስ ነጋዴው ሥራውን ጨርሶ ጠበቀኝ።

«አለቀልዎ» አለኝ። «ወርዶ አልቆ ነበር፤ የራሴ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። የህንድ ፊልም ነበረበት፤ ሁለቴ ስላየሁት አጠፋሁት።»

ፍላሹን እህቴ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። ምንም የለም። ያው ጩኸት፣ ያው መስመር። የሊኑክሱን ፋይል እንደ ፊልም መገልበጥ አይበቃም። ራሱን የቻለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ፈትቶ፣ ፍላሹን ኮምፒውተር ሊነሣበት እንዲችል አድርጎ ይጽፈዋል። ይህን ለነጋዴው ስነግረው አዳመጠኝ፣ ከዚያ፦

«ማለት ዱቄቱን ገዝቼ እንጀራ በላሁ ብያለሁ» አለ።

«እንደዚያ ነው።»

«ልጆቼ እንዳይሰሙ።»

ፕሮግራሙን አውርደን ፍላሹን እንደገና ጻፍነው። ሲጽፍ አንድ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል። እህቴ በር ላይ ቆማ መስመሩን ታያለች። በመሃል ሁለት ባለጉዳዮች መጡ፤ ማሽን ተበላሽቷል ብላ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ መራቻቸው። በጣም በጸጥታ ነው የመራቻቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አዲስ ነው፣ ላፕቶፕና ባለ ቀለም ፕሪንተር አለው።

ከአሥር ሰዓት በኋላ ፍላሹን ይዘን ተመለስን። ከፊት ባለው ቀዳዳ ሰካሁት፤ አላየውም። ከኋላ ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ሲጮኽ ኤፍ አሥራ ሁለትን ደጋግሜ ተጫንኩ። ከምን ልነሣ የሚል ሰማያዊ ሠንጠረዥ መጣ። ፍላሹን መረጥኩ። ስክሪኑ ጠቆረ። የእንግሊዝኛ መስመሮች ወደ ላይ ሮጡ፣ ቆሙ፣ እንደገና ሮጡ። ከዚያ ግራጫ ስክሪን መጣ፤ በግራ በኩል የዲስኩ ምስል ነበረ።

ከፈትኩት። ፎልደሮቹ አሉ። ስማቸው ግን አይነበብም፤ በየፊደሉ ፈንታ ትንንሽ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች እህቴ። «ሣጥን ሣጥን ብቻ።»

«ሥርዓቱ ትንሽ ስለሆነ የኛን ፊደል አልያዘም።»

«ወረቀቱስ አለ?»

«ያለ ይመስላል።»

«ይመስላል አትበለኝ።»

«እያረጋገጥኩ ነው፣ እታለም።»

ስማቸው ስለማይነበብ በቀናቸው ፈለግኋቸው። ከሁሉም በኋላ የተነካው ፋይል 18/6 ይላል። ማክሰኞ ነው። እሱንና በዙሪያው ያሉትን ሁሉ፣ ከዚያም የዓመታት ማመልከቻዎቿን ሙሉ ፎልደር በሌላ ፍላሽ ቀዳሁ። ወደ ነጋዴው ኮምፒውተር ወስደን ስንከፍተው ፊደሉ ወጣ። «ይግባኝ ባይ» ይላል፣ ቀጥሎ የሴትዮዋ ስም። እህቴ ከላይ እስከ ታች ቆማ አነበበችው። አራቱም ገጽ አለ። መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና አነበበች። ከዚያ ሻይ እንጠጣ አለች።

ያን ዕለት አላተምነውም። ሴትዮዋ ሳትሰማው አይታተምም፤ የእህቴ ሥርዓት ነው። የጻፈችውን ሁሉ ባለጉዳዩ በአዊኛ እንደገና ካልሰማው አሻራ አታስደርግም።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሴትዮዋ መጣች። ቀጭን ናት፤ ፕላስቲክ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ እንደነበር አልነገርናትም፤ ለምን እዚህ ሱቅ ሆነ ብላም አልጠየቀችም። በነጋዴው ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ እህቴ ከስክሪኑ እያየች በአዊኛ ነገረቻት። ሴትዮዋ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ሰማች። ሦስተኛው ገጽ ላይ አስቆመቻት።

«ቦዩን አልጻፍሽም» አለች።

«የምን ቦይ?»

«ውኃው ዛፉን እንዳይበላው ከላይ በኩል የቆፈርኩትን ቦይ። እኔና ልጄ ነን የቆፈርነው። እሱ አንድ ቀን እንኳ አካፋ ይዞ አልመጣም።»

«ሰኞ አልነገርሽኝም።»

«ሰኞ አልጠየቅሽኝም።»

እህቴ ስለ ቦዩ ሁለት መስመር ጨመረች፣ እሱንም መልሳ ነገረቻት። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። በሦስት ቅጂ ታተመ። ሴትዮዋ በየገጹ ግርጌ አውራ ጣቷን አሳረፈች። ፍርዱን ከነጠላዋ ፈትታ አወጣች፤ ከማመልከቻው ጋር ተያያዘ።

የመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ስንደርስ ሰልፍ ነበር። እኔ መሄድ አላስፈለገኝም ነበር፤ ሥራዬ አልቋል። ሄድኩ። ተራችን አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረሰ። ሬጅስትራሩ ሸበት ያለ ሰው ነው። ወረቀቱን ተቀበለ፣ መጀመሪያ ራስጌውን አየ፣ ከዚያ በመነጽሩ በላይ ሴትዮዋን አየ።

«እናቴ፣ ይግባኙን የሚያቀርቡት መቼ ነው?»

ሴትዮዋ ወደ እህቴ ዞረች።

«ዛሬ ነው እንጂ» አለች እህቴ።

«ዛሬ ስንት ነው?»

«ሃያ አንድ።»

«እዚህ ላይ ጥቅምት ሃያ ስምንት ይላል። ያውም ዓመቱ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። እኔ እስከዚያ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ማን ይቀበላችኋል?»

ከኋላችን ያሉት ሳቁ። እህቴ ወረቀቱን ተቀብላ አየች። 28/2፣ ከዚያ የፈረንጁ ዓመት። ሐሙስ የቀየርኩትን የነጋዴውን ኮምፒውተር ቀን እኔም አልመለስኩትም፣ እሱም አልመለሰውም። እህቴ ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች፤ ቀኑን አላነበበችም። ቀኑ በራሱ ትክክል ሆኖ ሲመጣላት ኖሯል።

«በእስክሪብቶ እናስተካክለው» አልኩ።

«ስርዝ ድልዝ አልቀበልም» አለ ሬጅስትራሩ። አልተቆጣም። «እኔ ብቀበል ነገ ተከራካሪያቸው ቀኑ ተነክቷል ይላል። የሚጎዳው እሳቸውን ነው። አስተካክላችሁ ኑ፤ ከሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል አለሁ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ለምሳ ተዘጋ። ዓርብ ስለሆነ እስከ ሰባት ተኩል አይከፈትም። ወደ ሱቁ ስንደርስ የነጋዴው በር ተቆልፏል። ጁምዓ ሄዷል። የታረመው ማመልከቻ በእሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ወረቀቶቹን የቀዳሁበት ፍላሽም እዚያው እንደተሰካ ቀርቷል።

የእህቴን ኮምፒውተር ከሊኑክሱ ፍላሽ አስነሣሁና ፕሪንተሯን ሞከርኩ። ትንሹ ሥርዓት ፕሪንተሩን አላወቀውም። ቢያውቀውም በዲስኩ ላይ ያለው ወረቀት ቦዩ የሌለበት ነው። አጠፋሁት። በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተን ሦስታችን ተቀመጥን። ሴትዮዋ የሆነውን ነገር በአዊኛ ጠየቀች። እህቴ ነገረቻት፤ ቀኑ ተሳስቶ ወጣ፣ ወንድሜ ቀይሮት ነው አለች።

«ለምን ቀየረው?»

«ወረቀትሽን ከሞተ ማሽን ለማውጣት።»

ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ወጥቷል አይደል?»

«ወጥቷል።»

«እንግዲያስ ምን ትቆጪዋለሽ።»

ቂጣ ከቋጠሮዋ አውጥታ ቆረሰችልን። የዳጉሳ ነበር። በላን። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ በሩ ላይ ግን ይበርዳል። እኔ ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ትንሽ ቆይታ ሴትዮዋ አነጋገረችኝ።

«ጋዜጠኛ ነህ አሉ።»

«ነኝ።»

«ምን ምን ትጽፋለህ?»

«የሆነውን።»

«የእኔንስ?»

«ካለቀ በኋላ።»

«ካለቀማ ምን ያደርግልኛል» አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች።

እህቴ ሳቀች፤ ከረቡዕ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። መስኮቱ ተከፈተ፤ ከተቀመጥንበት ይታያል። ነጋዴው አልመጣም። እህቴ ተነሥታ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች። ስልኩ ላይ ደወልን፤ ዝግ ነው። ሶላት ላይ ይዘጋዋል፣ ከዚያ መክፈት ይረሳል። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ በባጃጅ መጣ፤ ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ ነው። አግዳሚው ላይ ሦስታችንን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ተፈጠረ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ቀኑ» አለች እህቴ። «በፈረንጅ ወጣ።»

አንድ ጊዜ እጁን ግንባሩ ላይ አሳረፈ።

«ነገ ረመዷን ስለሚገባ መስጊዱ ሞልቶ ነው የቆየሁት። ብትልኩብኝ ወጥቼ እመጣ ነበር እኮ።»

«ከሶላት ማን ያስወጣሃል» አለች። «ክፈት ብቻ።»

ከፈተ። ኮምፒውተሩን አበራ። ቀኑን እሱ ራሱ መለሰው፤ ሃያ አንድ፣ ስድስት፣ ዓመቱ የእኛው። እኔ እጄን አላስገባሁም። እህቴ ማመልከቻውን ከፈተች፣ ራስጌው ላይ ጣቷን አሳረፈች፣ ጮክ ብላ ቀኑን አነበበች። ነጋዴውም አነበበው። እኔም አነበብኩት። ታተመ። ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ለማስነከር ስትዘረጋ የጠዋቱ ቀለም አልለቀቀም ነበር።

«ጋሼ» አለኝ ነጋዴው፣ ወረቀቱ እየተሰፋ ሳለ፣ «ፍላሼን መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»

«ኮምፒውተሩ እስኪጠገን ይቆይ።»

«የህንድ ፊልሙስ?»

«ሁለቴ አይቼዋለሁ አላልክም?»

«ሦስተኛውን ለረመዷን ማታ አስቤ ነበር።»

መስኮቱ ላይ ስንደርስ ሰልፉ አጭር ነበር። ሬጅስትራሩ እንደ ጠዋቱ መጀመሪያ ራስጌውን አየ። ገጾቹን ገለበጠ፣ አሻራዎቹን አየ፣ የፍርዱን ግልባጭ ከማመልከቻው ጋር አመሳከረ፣ በሦስቱም ቅጂ ላይ ማኅተም መታ። አንዱን ለሴትዮዋ ሰጣት። የገባበት ሰዓት በእጁ ተጽፎበታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።

ሴትዮዋ ቅጂዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። እህቴን ሁለት ጊዜ ሳመቻት፣ ለእኔ እጇን ሰጠችኝ፣ ከዚያ በዘንገና በኩል የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወረደች።

እኔ ቅዳሜ ወደ ዳንግላ ተመለስኩና እሑድን በሙሉ ተኛሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ጠጋኙ የእህቴን ኮምፒውተር ፎርማት አደረገው። ማመልከቻዎቿን ከፍላሹ መልሳ ጫነች። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዳስቀመጠችው በስልክ ነገረችኝ፤ የካቲት እንደ ፈረንጁ ስድስተኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሆነ አላስቸገረኝም አለች። በመጋቢት ፍርድ ቤቱ መዝገቡን መርምሮ ይግባኙ ያስቀርባል አለ፤ መልስ ሰጪው የባሏ ወንድም መልሱን ይዞ እንዲቀርብ፣ እስከዚያም በመሬቱ ላይ ያለው ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዘ። የትእዛዙን ግልባጭ እህቴ ሱቅ ውስጥ አንብቤዋለሁ።

በሚያዝያ ለሌላ ሥራ ወደ ጥሊሊ ስሄድ ከሚኒባስ ጥርባ ላይ ወረድኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው የሴትዮዋን መሬት በእጁ አሳየኝ። ከላይ በኩል ቦይ አለ። ዲከረንሱ አልተቆረጠም።